ስርዝ ድልዝ የሌለበት ውሸት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ልጅ ሆኜ ሞጣ ላይ ይህን አባባል የምሰማው ትምህርት ቤት አልሄድም ብዬ ስለግም ነበር። አባቴ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ስለነበር ለተጻፈ ነገር ያለው ክብር ልክ አልነበረውም። ወረቀት መንገድ ላይ ወድቆ ካየ አንስቶ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ይሸጉጠዋል። እኔም ያንኑ ክብር ወርሼ መምህር ሆንኩ፤ ቢቸና ተመደብኩ፤ እዚያው ጎጆ ወጣሁ፤ እዚያው ጡረታ ወጣሁ። አባባሉ አንድ የዘለለው ነገር እንዳለ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው። በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል፤ እሺ። የተጻፈው ውሸት ከሆነስ?

ይህን ያስነሳኝ የእህቴ ልጅ ነው። ባሕር ዳር ኮምፒውተር የተማረ ጎበዝ ልጅ ነው። አንድ ሰሞን ከሞጣ መጥቶ እኛ ዘንድ ሰነበተና ማታ ቡና ላይ የምርጫ ወሬ ተነሣ። ምርጫ ከተነሣ ኮሮጆ መነሣቱ አይቀርም። ባለቤቴ «ደሞ ጀመራችሁ!» ብላ ሲኒዋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ልጁ ግን ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገ።

«ጋሼ፣ መፍትሔውማ አለ። ብሎክቼይን ይባላል። ምርጫው በሱ ቢሆን ማንም አይሰርቀውም።»

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?»

ያስረዳኝን እኔ በገባኝ መንገድ ልንገራችሁ። አንድ የዕድር መዝገብ አስቡ። እያንዳንዱ ገጽ ሲሞላ፣ እዚያ ገጽ ላይ ካለው ጽሑፍ ሁሉ ተሰልቶ የሚወጣ አንድ ቁጥር ግርጌው ላይ ይሰፍራል። ያ ቁጥር የሚቀጥለው ገጽ መነሻ ይሆናል። እንግዲህ ገጽ 3 ላይ አንዲት ፊደል የነካ ሰው የገጽ 3ን ቁጥር ያፋልሳል፤ የገጽ 3 ሲፋለስ የገጽ 4 ይፋለሳል፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። በዚያ ላይ መዝገቡ ጸሐፊው ቤት ብቻ አይቀመጥም። ግልባጩ በየአባሉ ቤት አለ። አንዱ የራሱን ቢፍቅ የሌሎቹ ያሳጡታል። ቢትኮይን የሚባለው ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የቆመው በዚህ ብልሃት ነው። ውል ስንዋዋል «ስርዝ ድልዝ የሌለበት» የምንለውን ነገር ፈረንጆቹ በስሌት አገኙት ማለት ነው።

ልጁ እኛም አገር ያልተሰማ ነገር እንዳልሆነ ነገረኝ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር አይኦኤችኬ ከሚባል የውጭ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ፣ በ3,500 ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በዚሁ ዘዴ ለመመዝገብ አቅዶ ነበር። «ለተማሪ ውጤት ከታሰበ ለሕዝብ ድምፅ ለምን አይታሰብም?» አለኝ።

ጉጉቱን አልፈርድበትም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሰው በሌሊት ተነሥቶ ሲሰለፍ እሱ ጨቅላ ነበር፤ እኔ ከተሰለፉት አንዱ ነበርኩ። ከዚያ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን። የቆጠራው ክርክር አደባባይ ወጣ፤ ምክር ቤቱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ራሱ 193 ሲቪሎች መሞታቸውን ቆጠረ። በ2002 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ። በ2007 ዓ.ም. ሁለቷም ተጨምረው 547ቱም የነሱ ሆኑ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ለተደረገው ምርጫ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ፤ ትግራይ ግን በጦርነቱ ምክንያት ጭራሽ አልመረጠም። በዚህ መካከል ያደገ ልጅ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ቢል ምን ይፈረድበታል? ሰው ካልታመነ ስሌት ይታመን ማለቱ ነው።

እኔም ያን ምሽት ሐሳቡን ወድጄው ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አልመጣልኝም። ሳብራራው የተጠቀምኩበት ያ የዕድር መዝገብ ትዝ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የአንድ ዕድር ጸሐፊ ነበርኩ። የመምህር እጅ ጽሑፍ ያምራል ተብሎ ነው የተመረጥኩት። የዕድር ዳኛ የምንመርጥበት ቀን ደረሰና ሁለት ሰዎች ተጠቆሙ። አንደኛው ባለጸጋ ነው፤ ድንኳኑን የገዛልን እሱ ነው። ሁለተኛው ድሃ ሽማግሌ ናቸው፤ በየስብሰባው «ሂሳቡ ይነበብልን» እያሉ ሰውን የሚያሰለቹ። እጅ አውጡ ተባለ። ሰው እጁን ማውጣት ሲጀምር የነሐሴ ዝናብ ወረደ። ግማሹ ነጠላውን ተከናንቦ ሮጠ፤ ግማሹ ድንኳኑ ሥር ተጠጋጋ። ቆጠራ የሚባል ነገር አልነበረም። ዝናቡ ሲያባራ ሦስት ሰዎች ተቀምጠን ቃለ ጉባኤውን ጻፍን። «ለነገሩ ባለጸጋው ማሸነፉ አይቀርም ነበር» ተባባልን። 61 ለ22 ብለን አሰፈርን። ቁጥሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። 60 ለ20 ብንል የተፈጠረ ይመስላል ብዬ።

ሦስታችንም ፈረምን፤ ማህተም አረፈበት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳምሬ የጻፍኩ አይመስለኝም። ስርዝ የለው፣ ድልዝ የለው።

በወሩ ሽማግሌው መዋጮአቸውን ሊከፍሉ መጡ። ብራቸውን ቆጥረው አስረከቡኝና ዝቅ ባለ ድምፅ «መምህር፣ ቆጥራችሁታል?» አሉኝ።

«መዝገብ ላይ ሰፍሯል» አልኳቸው።

«እንግዲያስ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ።

አንባቢዬ ልብ በሉልኝ፤ እኔ ቆጥረናል አላልኩም። ዋሽቻለሁ እንዳልል አፌ አልዋሸም። እሳቸው ስለ እውነቱ ሲጠይቁኝ እኔ ስለ መዝገቡ መለስኩላቸው። እሳቸው ደግሞ እንደ አባቴ ለተጻፈ ነገር ክብር ያላቸው ሰው ነበሩ።

አሁን የእህቴን ልጅ ብልሃት እዚያ ድንኳን ሥር አስገቡት። ምን ይለወጥ ነበር? የኔ 61 ለ22 በ83 ሰው ቤት ተባዝቶ ይቀመጥ ነበር። ማንም ሊፍቀው አይችልም፤ ሽማግሌውም ጭምር። ብሎክቼይን የተጻፈውን ከሚፍቅ ሰው ይጠብቃል፤ ሳይቆጥር ከሚጽፍ ሰው ግን አይጠብቅም። የተማሪ ውጤትም ቢሆን ያው ነው። መዝገቡ የማይፋቅ ቢሆን 43ን 73 አድርጎ የሚሞላው እጅ የመምህሩ እጅ ነው።

የእኛ አካባቢ ሰው ይህን ከእኔ በፊት ያውቀዋል። ቢቸናና ሞጣ አውራጃ ሳሉ፣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ገበሬው አልገመትም ብሎ ያመፀባቸው ዋነኛ ቦታዎች ነበሩ። ግምት መጣ ማለት ልኬት መጣ ነው፤ ልኬት መጣ ማለት ርስት ሄደ ነው ብሎ ነው የፈራው። ጦርና ፖሊስ ዘመተ፤ አውሮፕላን ሳይቀር ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ጃንሆይ የጎጃሙን ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴን አነሱ፤ ውዝፉን ግብር ማሩ። ያ ገበሬ የፈራው ወረቀት ይፋቃል ብሎ አይደለም። እሱ ሳያይ ይጻፋል፣ ከተጻፈ በኋላ ደግሞ አይፋቅም ብሎ ነው የፈራው።

በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ጊዜም አየነው። አንዳንዱ «ቢሮክራሲ»፣ አንዳንዱ «ቅሪት ፊውዳል» ተብሎ ተመዘገበና ከጎረቤቱ ያነሰ መሬት ቀረለት። ያን ስም የጻፈበት ማን ነው? ምን አይቶ ነው? አብሮ የሚኖር ሰው ነው የጻፈው። እንዲያ ያለ ስም በማይፋቅ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ለልጅ ልጅ ሲወረስ አስቡት።

በአንጻሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ ብዙ ሰው በጄ ብሎ ተቀበለ። ያው መንግሥት፣ ያው ወረቀት ነው። ልዩነቱ፣ ሲለካ ባለቤቱ ድንበሩ ላይ ቆሟል፤ አዋሳኙም ወዲያ ማዶ ቆሟል። «እዚህ ጋ ነው ድንበሩ?» ሲባል ሁለቱም «አዎ» ይላሉ። ከዚያ የተጻፈው ለሕዝብ ይቀርባል፤ ቅር ያለው ይናገራል። ጭቅጭቅ አልጠፋም፤ መሬት ነውና አይጠፋም። ነገር ግን ሰውዬው ደብተሩን ሲይዝ ውስጡ ያለውን በዓይኑ ያየው ነገር ነው። ሰው መዝገብን የሚያምነው ሲጻፍ እዚያው ቆሞ ያየ እንደሆነ ነው።

ይህን ጠዋት ለልጁ ስነግረው «ጋሼ፣ ሌላው ዓለም እኮ ሞክሮታል» አለኝና ስልኩን አወጣ። አብረን አየነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ሴራሊዮን ስትመርጥ «በዓለም የመጀመሪያው የብሎክቼይን ምርጫ» ተብሎ ተወራ። ነገሩ ሲጣራ አጎራ የሚባል የስዊስ ኩባንያ በታዛቢነት ገብቶ፣ በዋና ከተማዋ አካባቢ የ280 ምርጫ ጣቢያዎችን ውጤት በራሱ መዝገብ ጽፎ ነው። የአገሪቱ ምርጫ ኮሚሽን እኔ ብሎክቼይን አልተጠቀምኩም አለ። ድምፁ የተሰጠውም የተቆጠረውም በወረቀት ነበር። በ2019 ሞስኮ ለከተማ ምክር ቤቷ በብሎክቼይን ልታስመርጥ ስትዘጋጅ፣ ፒየሪክ ጎድሪ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ የምስጢር ቁልፉ በተራ ኮምፒውተር በ20 ደቂቃ ገደማ እንደሚሰበር አሳየ። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ በ2018 በውጭ አገር ላሉ 144 መራጮች በስልክ ድምፅ ያሰጠው መተግበሪያም ብሎክቼይን አለኝ ይል ነበር፤ በ2020 የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ሲፈትሹት ቀዳዳው መዝገቡ ጋ ሳይደርስ ገና ስልኩ ላይ ተገኘ።

እነዚህ ስህተቶች ነገ ሊታረሙ ይችላሉ፤ ልጁም ያለኝ ይህንኑ ነው። እኔን የነካኝ ግን በ2009 የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ነው። የድምፅ መስጫ ኮምፒውተሮች ቀረቡለት። ማጭበርበር መፈጸሙ አልተረጋገጠም። ሆኖም ፍርድ ቤቱ መሣሪያዎቹ ጥቅም ላይ የዋሉበት መንገድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። ምክንያቱም ምርጫ የሕዝብ ጉዳይ ነው፤ ተራው ዜጋ የተለየ ሙያ ሳያስፈልገው የቆጠራውን ዋና ዋና ደረጃ ራሱ ማረጋገጥ መቻል አለበት የሚል ነው። እንግዲህ መሐንዲሶቿ በዓለም የታወቁ አገር ናት ይህን የምትለው።

እዚህ ላይ ጥያቄው የኮምፒውተር ጥያቄ መሆኑ ይቀርና የሥነ ምግባር ጥያቄ ይሆናል። የምርጫ ውጤት ለማን ነው የሚነገረው? ያሸነፈው ሰው ማስረጃ አያሻውም። ውጤት የሚነገረው ለተሸነፈው ነው። የተሸነፈው ሰው ቤቱ ገብቶ «አልተመረጥኩም፤ በቃ» ብሎ እንዲተኛ፣ ነገ ዱላ እንዳያነሳ ነው። ለዚያ ሰው «ስሌቱ ትክክል ነው፣ አንተ ስለማይገባህ ነው» ብትለው፣ እኔ ለሽማግሌው «መዝገብ ላይ ሰፍሯል» ካልኩት በምን ይለያል? በፊት ጸሐፊውን እመን ይባል ነበር፤ አሁን ደግሞ ፕሮግራም የሚጽፈውን እመን ሊባል ነው። ጸሐፊው ቢያንስ ሰፈር ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ ዓይኑን አይተህ ትጠይቀዋለህ።

ሌላም አለ። ድምፅ ምስጢር ነው። መዝገብ ደግሞ ተፈጥሮው ማን ምን እንዳደረገ ማስታወስ ነው። ሁለቱን ማስታረቅ ለተመራማሪዎቹም ከባድ ነው። ሰው ቤቱ ተቀምጦ በስልክ ይምረጥ ከተባለ ደግሞ፣ ስልኩን ሲነካ አጠገቡ ማን ቆሟል? አባወራው? አበዳሪው? «አንድ ለአምስት» በተባለው አደረጃጀት ያለፈ ሕዝብ ይህ ጥያቄ አይጠፋበትም። ያች የምርጫ ጣቢያ መጋረጃ ተራ ጨርቅ ነች፤ ግን እሷ ሥር ሰው ለደቂቃ ብቻውን ይሆናል። እስካሁን እሷን የሚተካ ስሌት አላየሁም።

ኔትወርኩስ? በክልላችን በ2015 ዓ.ም. ክረምት ውጊያው ሲበረታና አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ኖረናል። ሺህ ቦታ የተባዛ መዝገብ ሺህ ቦታ የሚደርስበት መስመር ይፈልጋል። መስመሩ በአንድ እጅ የሚዘጋ ከሆነ፣ ባለቤቱ ብዙ ነው የተባለው መዝገብ በር ጠባቂው አንድ ሰው ነው።

ልጁ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «እሺ ጋሼ፤ ታዲያ ሰውን አምነን የት ደረስን?»

ይህን ጥያቄ በዋዛ ማለፍ አይገባም። እውነቱን ነው፤ የትም አልደረስንም። መልሴ ግን ሰውን እመን አይደለም። ሰው ሳያይ የሚያምነውም፣ ሳይገባው የሚያምነውም እኩል ይታለላል። የኬንያን ነገር አንሥቼ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሻረ። ከምክንያቶቹ አንዱ ምርጫ ኮሚሽኑ ሰርቨሩ እንዲፈተሽ ታዝዞ በሚገባ አለመክፈቱ ነበር። በ2022 ግን ከ46 ሺህ በላይ ከሆኑት ምርጫ ጣቢያዎች የተፈረሙት የውጤት ቅጾች ፎቶ ለማንም ክፍት በሆነ ድረ ገጽ ላይ ተለጠፈ። ጋዜጠኛውም ተማሪውም ቁጭ ብሎ ደመረ። የተሸነፈው ወገን ተቃወመ፤ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ተረታ። ሆኖም ሁሉም የሚከራከረው ዓይኑ በሚያየው አንድ ወረቀት ላይ ነበር።

በእኛም ሕግ ድምፅ እዚያው ምርጫ ጣቢያ ተቆጥሮ ውጤቱ በር ላይ ይለጠፋል። ለኔ የዚያች ወረቀት ዋጋ ከሰርቨሩ ይበልጣል። ለልጁም እንዲህ አልኩት፦ ብልሃትህን እዚህ ላይ አምጣት። ታዛቢ ባለበት የተቆጠረው፣ የተፈረመው፣ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ፎቶው ይነሣና በዚያ በማይፋቅ መዝገብህ ይግባ። ከቢቸና ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ መንገድ ላይ 300 የነበረው 800 እንዳይሆን ጠብቅልን። መንገዱን ይጠብቅ፤ ክፍሉን ግን ሰው ይጠብቅ። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው። ዝናብ ቢመጣም፣ ባለጸጋ ቢቆጣም፣ «አልተቆጠረም፤ አልፈርምም» የሚል ጸሐፊ።

ልጁ ትንሽ አሰበና «አንተ ግን ፈረምክ» አለኝ።

«ፈረምኩ።»

«በብሎክቼይን እኮ የተሳሳተ ነገር ሲገኝ አይፋቅም፤ ከታች እርማት ይጨመራል። ስህተቱም እርማቱም አብረው ይኖራሉ። አንተስ ለምን አትጨምርም?»

ለምን እንደማልጨምር ብዙ ምክንያት ደረደርኩለት። ባለጸጋው ክፉ ዳኛ አልነበረም። ሽማግሌው ካረፉ ቆይተዋል፤ የቀበራቸውም ያው ዕድር ነው፤ ለቀብራቸው የወጣውን ብር መዝገቡ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። አብረውኝ ከፈረሙት አንዱ ታሟል። ለሞተ ሰው እርማት ምን ያደርግለታል? አልኩት።

«ለሳቸው አይደለም፤ ልጆቻቸው አባላት አይደሉም እንዴ?» አለኝ።

አባላት ናቸው። በየወሩ መዋጮ ይከፍላሉ። ታላቅየው እንደ አባቱ «ሂሳቡ ይነበብልን» የሚል ነው፤ ሰው ይስቅበታል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቼ እናገራለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት። ልጁ ወደ ሞጣ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ስብሰባ አልፏል። ይህን ጽሑፍ እንደ እርማት እንዳትቆጥሩልኝ፤ የዕድሩን ስም አልጻፍኩም።